ሆስፒታሎችን ለኮቪድ ማስለቀቃችን ድሃውን ጠቀመው ወይስ ጎዳው?

የገርጂዋ፦
ጥያቄዬን በቀጥታ ላስቀምጥ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሌላውን ሥራ ትተው ኮቪድ ብቻ እንዲያክሙ ተደረገ። ሌሎቹም የክትትል ቀጠሮ ቀነሱ። ያ ውሳኔ ለድሃው ጠቀመው ወይስ ጎዳው? እኔ ጎዳው ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልናገር፣ ከዚያ ተከራከሩኝ።

እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ለ11 ዓመት አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ክትትል ነበራት። የቀጠሮ ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትሄደው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ። ሚያዝያ ላይ ለቀጠሮዋ ስንሄድ በር ላይ ያለው ጥበቃ ሙቀት መለኪያውን ግንባሯ ላይ ደቀነና «ክትትል የለም፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ» አለን። ጤና ጣቢያ ሄድን። ፋይሏ እኛ ጋ የለም አሉ። ስንለምን ጻፉልን፣ ግን መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ ተባልን። ታክሲው በግማሽ ሰው እየጫነ ዋጋው እጥፍ ሆኗል። እኔ ቢሮ ነበር የማጸዳው፣ ቢሮው ተዘግቷል።

እናቴ ለኔ ሳትነግረኝ ኪኒኗን በቢላ ለሁለት እየከፈለች ግማሽ ግማሹን ትውጥ ነበር። ያወቅኩት ትራሷ ሥር በወረቀት የጠቀለለቻቸውን ግማሾች ሳገኝ ነው። መስከረም ላይ እግሯ ቆሰለ። ኅዳር ላይ ሁለት ጣቶቿ ተቆረጡ። ኮቪድ አልያዛትም። አንድም ቀን።

ዶክተሩ፦
እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የነገርሽን ነገር በእኔም ታካሚዎች ላይ ደርሷል፣ አልክድም። ግን ውሳኔው ድሃውን ጎዳው የሚለውን አልቀበልም።

ያኔ ምን እንደነበረን እናስታውስ። ማስክ የለም። ጓንት በቁጥር ነው። ኮቪድ ያለበትንና የሌለበትን አንድ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ብንደባልቅ ባለሙያው ይወድቃል፣ ባለሙያው ከወደቀ ደግሞ ሆስፒታሉ ጭራሽ ይዘጋል። ኤካ ኮተቤ ለኮቪድ ብቻ የተመደበው ለዚህ ነው። የሚሊኒየም አዳራሽ ወደ 1,000 አልጋ ገብቶለት ሕክምና ማዕከል የሆነውም ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በመንግሥት ማዕከል ሕክምናው ነጻ ነበር። አልጋው፣ ምግቡ፣ ኦክሲጅኑ። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ ማዕበሉ ሲበረታ የግል ሆስፒታል ማስያዣ የሚጠይቀውን ገንዘብ ታውቂያለሽ፤ ሰው ቤቱን እያስያዘ ነበር የሚበደረው። እኔ በሠራሁበት ማዕከል አንድ የቀን ሠራተኛና አንድ የፋብሪካ ባለቤት ጎን ለጎን ተኝተው ከአንድ መስመር ኦክሲጅን ሲስቡ አይቻለሁ። በ18 ዓመት የሕክምና ሥራዬ እንዲህ ያለ እኩልነት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ማዕከሎቹ ባይኖሩ ያ የቀን ሠራተኛ የት ይሄድ ነበር?

የገርጂዋ፦
ዶክተር፣ ያሉት እውነት ነው። ያ የቀን ሠራተኛ በመትረፉ ደስ ይለኛል። ግን ሳንባው ነጻ ታክሞ ሲወጣ ስኳር ቢኖርበት ኖሮ ከበሩ ውጭ ማን ይጠብቀው ነበር? እኩልነቱ በአንድ በሽታ ብቻ ነበር። የፋብሪካው ባለቤት ለደም ግፊቱ የግል ክሊኒክ አለው። እኛ ያለን አንድ በር ነው፣ እሱ ተዘጋ። ክርክሬ ማዕከሉ ለምን ተከፈተ አይደለም። ያ በር ሲዘጋ ለምን ሌላ በር አልተከፈተልንም ነው።

ኤክስቴንሽኗ (ጎጃም)፦
እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። የአዲስ አበባን ነገር ለእናንተ ልተው፤ እዚህ በሩን የዘጋው መንግሥት ብቻ አልነበረም። ፍርሃትም ዘግቶታል።

ጤና ጣቢያችን ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ አለ። መውለጃቸው የደረሰ፣ ቤታቸው ሩቅ የሆነ እናቶች መጥተው የሚቆዩበት ነው። ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል። ይህን ለማስለመድ ስንት ዓመት ቤት ለቤት ዞረናል! በ2012 ሚያዝያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባዶውን ቀረ። «ሐኪም ቤት ኮሮና አለ» ተባለ፣ አለቀ። ትራንስፖርትም ቆሞ ነበር። እኔ ራሴ ሥራዬ ተቀይሮ ከከተማ የመጣ እንግዳ ስመዘግብ ነው የምውለው። አንዲት እርጉዝ በቃሬዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ደርሼባታለሁ። ሕፃኑ አልተረፈም። ስሟን አልናገርም፣ ግን ሳልጠራት የማድርበት ሌሊት የለም።

ቀድሞም እኩል አልነበርንም። በ2011 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች 48ቱ ብቻ በጤና ተቋም እንደሆኑ ያሳያል። አዲስ አበባ ከ90 በላይ ነው። ሶማሌ ክልል ከአራት አንድ ገደማ። እዚህ ላይ ነው ወረርሽኙ የመጣብን። ስለዚህ ከዶክተሩ ጋር አልስማማም፣ ከእህቴም ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሆስፒታሉ ክፍት ቢሆንም እናቶቹ አይመጡም ነበር። ሰው ቤት ሄዶ የሚያስረዳ ባለሙያ ነው መነካት ያልነበረበት።

ደግሞ የሠራነውንም ልናገር። የዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ የኩፍኝ ዘመቻ ተጀመረ። ማስክ አድርገን፣ እናቶችን አራርቀን አስቀምጠን ከተብን። በአገር ደረጃ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕፃን ተከተበ። በኮሮና መሐል! ስለዚህ አይቻልም ነበር የሚለኝ ሰው ካለ አልሰማውም።

የመቀሌው፦
ሁላችሁም ስለተዘጋ በር ታወራላችሁ። በእኛ በኩል ብዙ ቦታ ሕንፃው ራሱ ተዘርፎ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ2013 ክረምት ሳይገባ ያወጣው መረጃ አለ፤ ትግራይ ውስጥ ካያቸው 106 የጤና ተቋማት በመደበኛ ሁኔታ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኮቪድ ለእኛ የወሬ ያህል ነበር። የአክስቴ ልጅ ኢንሱሊን ሲያልቅባት ከከተማ ከተማ ተፈልጎ የተገኘው አንዲት ብልቃጥ ነው። ስለዚህ የደረሰውን ሁሉ ለወረርሽኝ አትስጡት። ጦርነቱን ለብቻው ቁጠሩት።

የደሴዋ ነርስ፦
ወንድሜ፣ እውነት ብለሃል። በ2014 ኅዳር የእኛም ሆስፒታል ያው ደረሰበት። ተመልሰን ስንገባ የማዋለጃ ክፍሉ ወለል በካርድና በፋይል ተሸፍኖ ነበር። የሰው የ20 ዓመት ታሪክ እየረገጥን ነው ያለፍነው። የአንተም የአክስት ልጅ፣ የእኔም አክስት ኢንሱሊን ያስፈልጋቸዋል። ሌላውን ክርክር እዚህ አላነሳም።

ጋሼ ከሜሪላንድ፦
ልጆቼ፣ ከሩቅ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ሀብታም አገር ሌላ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። በኮቪድ ጊዜ አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሐበሾች፣ ሌሎች አፍሪካውያንና ላቲኖች ነበሩ። ቤት ሆኖ መሥራት ለእኛ አልነበረም፤ ሽማግሌ በኮምፒውተር አይታጠብም።

የአሜሪካ መንግሥት ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው የኮቪድ ምርመራና ሕክምና ይከፍል ነበር። ጥሩ ነገር ነው። በፈረንጆቹ መጋቢት 2022 ገንዘቡ አለቀ ተብሎ ቆመ። ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ ኢንሹራንስ የለውም። ኮቪድ ይዞት ሆስፒታል ተኛ፣ ሳንቲም አልከፈለም። እዚያው ስኳር እንዳለበት ነገሩት። ከወጣ በኋላ ለስኳሩ ሐኪም ጋ ሲሄድ የሕክምና ሂሳቡ ቤቱ መጣ። የገርጂዋ ልጅ ያለችው ይኸው ነው። ለአንዱ በሽታ ነጻ፣ ለሌላው ክፈል። ሰውየው ግን አንድ ሰው ነው።

ፋርማሲስቱ (ሐዋሳ)፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። በዚያ ሁሉ ግርግር ብዙም ያልተረበሸ አንድ አገልግሎት ነበር፤ የኤችአይቪ መድኃኒት።

ለምን? ኮቪድ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ጤናቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይወስዱ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ ይህ ለብዙ ሰው ሰፋ። ታካሚው በዓመት ሁለቴ መጥቶ ከረጢቱን ይዞ ይሄዳል። በሩ ቢዘጋ፣ ታክሲው ቢወደድ፣ እሱ ቤት መድኃኒት አለ። ነጻ ነው፣ መዝገቡ በደንብ ተይዟል፣ ከቀረ ስልክ የሚደውልለት ሰው አለ። በዚያው ግቢ፣ ሁለት ክፍል አልፎ ያለው የስኳር ታካሚ ግን በየወሩ ይመላለሳል፣ ከዚያም መድኃኒት የለም ይባላል። እኔ በሁለቱም መስኮት ሠርቻለሁ። የአንደኛው ሰልፍ ሲያጥር የሌላኛው ሲረዝም በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ዶክተር፣ ሆስፒታሎችን ማስለቀቁ ግድ ነበር እንበል። ከማስለቀቃችን በፊት በነበረው አንድ ሳምንት ውስጥ ለክትትል ታካሚዎች የ3 ወር መድኃኒት ሰጥተን፣ የፋይላቸውን ቅጂ ለጤና ጣቢያ ብናስተላልፍ ኖሮስ? አሠራሩ እኮ እጃችን ላይ ነበር።

ዶክተሩ፦
ጥሩ ነጥብ ነው፣ ግን የገንዘቡን ነገር ዘለልከው። ያኔ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚገዛው ግሎባል ፈንድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የጤና ድጋፍ ድርጅትና በአሜሪካ እርዳታ ነበር። የስኳሩን የሚገዛው ታካሚው ወይም የጤና መድህኑ ነው። ለ3 ወር የሚሰጥ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ መኖር አለበት። አብዛኛው ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው፤ ያኔ ደግሞ በረራና ጭነት ተስተጓጉሎ ነበር። ለአንዱ የ3 ወር ብንሰጥ ለሌላው ባዶ መደርደሪያ ነው የሚቀረው።

ኤክስቴንሽኗ (ጎጃም)፦
ኢንሱሊንስ? ለ3 ወር ሰጥታችሁት የት ያስቀምጠዋል? እኛ ጋ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት አንድ ሁለት ቢሆን ነው። አንድ ወጣት አለን፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ በውሃ የረጠበ አሸዋ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ማሰሮው ጥላ ሥር ተቀብሯል። በየቀኑ ውሃ ያርከፈክፍለታል። ለአንድ ወር ይሆናል። ለ3 ወር አደራ አልሰጠውም። ለኪኒን ግን ፋርማሲስቱ ልክ ነው። የእህታችን እናት የምትውጠው ኪኒን ነው፤ ኪኒን ማሰሮ አይፈልግም።

ፋርማሲስቱ (ሐዋሳ)፦
እስማማለሁ። ኢንሱሊኑ ጤና ኬላ ይቀመጥ፣ ኪኒኑ ለታካሚው ይሰጥ። ዶክተር፣ ዶላር የለም የሚለውንም እቀበላለሁ። ግን እናቷን የጎዳው እጥረቱ ብቻ አይደለም። ፋይሏ ሆስፒታል ተቆልፎበት ጤና ጣቢያው አላውቃትም ማለቱ ዶላር አይፈልግም። አንድ ወረቀት ነው።

ዶክተሩ፦
እዚህ ላይ ተሸንፌአለሁ። ፋይሉን ማስተላለፍ እንችል ነበር። እኛ በሽተኛ እናስወጣ እንጂ ወዴት ይሄዳል ብለን አልጠየቅንም። ያን ሳምንት አስታውሳለሁ። አልጋ ስናወጣ፣ ግድግዳ ስናጥብ፣ መስመር ስንዘረጋ ነበር። የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ማን እንደያዘው እንኳ አላውቅም።

ማዕከሉን ግን ነገም ብጠየቅ እከፍተዋለሁ። ይህን አልቀይርም። መጋቢት 4 ቀን 2013፣ ልክ በዓመቱ፣ ክትባቱ ለባለሙያዎች መሰጠት ሲጀመር ሰልፉ ላይ የሌሉ ባልደረቦች ነበሩኝ።

የገርጂዋ፦
ዶክተር፣ ነፍሳቸውን ይማር። ማዕከሉን ይክፈቱት። እኔም ከዚህ በኋላ አትክፈቱ አልልም፤ ሐሳቤን እዚህ ላይ ቀይሬአለሁ። የቀረኝ ጥያቄ የካርድ ክፍሉ ቁልፍ ነው።

እኛ ወረዳ የጤና መድህን እድሳት ሲመጣ ስብሰባ ይጠራል። መዋጮው ስንት ሆነ ተብሎ ይነገረናል፣ እንፈርማለን፣ እንሄዳለን። ዘንድሮ ሁለት ነገር ልጠይቅ ነው። ሆስፒታል ክትትል ያለው ሰው የፋይሉ ቅጂ አሁኑኑ፣ ወረርሽኝ ሳይመጣ፣ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይኑር። የተረጋጋ የደም ግፊትና የስኳር ታካሚ ኪኒኑን በየ3 ወሩ ይውሰድ። ፋርማሲስቱ ወንድሜ፣ የኤችአይቪው አሠራር እንዴት እንደሚመዘገብ በቀላል አማርኛ ጻፍልኝ። አንብቤ ነው የምቆመው። ኤክስቴንሽኗ እህቴ፣ የማሰሮውንም ነገር አስረጂኝ፤ ጎረቤቴ ኢንሱሊን ነው የምትወጋው፣ መብራት በሄደ ቁጥር ትጨነቃለች።

እናቴ አሁን ደህና ናት። በከዘራ ትሄዳለች። ካርዷን ዛሬም ነጠላዋ ጫፍ ላይ ነው የምትቋጥረው። ግማሽ ኪኒን እንዳትውጥ እኔ ማታ ማታ እቆጥራለሁ።

ፋርማሲስቱ (ሐዋሳ)፦
እስከ ቅዳሜ እጽፍልሻለሁ። ስብሰባው መቼ ነው?