ችግኙ አለን፣ ጉልበቱም አለን፤ ከገበሬው ጋር ግን ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የክበቡ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ የሦስተኛ ዓመት የተፈጥሮ ሀብት ተማሪ ነኝ። የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ጸሐፊም ነኝ። ከግቢያችን በእግር የሚደረስ አንድ የገጠር ቀበሌ አለ። ኮረብታው ተራቁቷል። ከሥሩ የጀመረው ቦረቦር ደግሞ በየክረምቱ የሰው ማሳ እየበላ ነው።

ሐምሌ ላይ ችግኝ ልንተክልበት አስበናል። ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት ተቀበለን። ሽማግሌዎቹም «ለኛ ብላችሁ መጥታችሁ እንዴት እምቢ እንላለን» አሉን። ከመካከላቸው አንድ አባት ግን በከዘራቸው ወደ ኮረብታው እያሳዩ «ለጉድጓዱ እንኳ አትድከሙ፤ የአምናው አለላችሁ» አሉና ሳቁ። ሁሉም ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

አምና የተከሉት ሌሎች ናቸው። እኛ ዘንድሮ ያንኑ እንዳንደግም ምን እናድርግ? ምን ዓይነት ዛፍ ይሻላል? እኛ ወደየቤታችን ስንሄድስ ማን ይጠብቀዋል? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ በእናታችሁ ጻፉልኝ።

መልስ 1፦ የተፋሰስ ሰው

እህቴ፣ እኚያ አባት ግማሹን መልስ ሰጥተውሻል። ኮረብታው ጉድጓድ አላጣም። ያጣው ከጥቅምት እስከ ሰኔ የሚጠብቀውን ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ በክበብ አልፌያለሁ። አሁን ወረዳ ላይ በተፋሰስ ልማት ነው የምሠራው። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ሐሜት ሰምቻለሁ።

ዋናው ጣጣ ጊዜው ነው። ችግኝ የሚተከለው ክረምት ሲገባ ነው። ተማሪ ሻንጣውን የሚሸክፈውም ያኔ ነው። ተመልሳችሁ እስክትረጋጉ ሰብል ይነሳል፣ ከብቱ በሙሉ ይለቀቃል። ልቅ ግጦሽ ባለበት ቀበሌ ኅዳር ላይ ለምልሞ ያያችሁት ችግኝ ጥር ላይ ጉቶው ብቻ ይቀራል። ፍየል ሪፖርት አያነብም።

እና በሐምሌ አትጀምሩ። በጥር ጀምሩ። ጥርና የካቲት ገበሬው በልማት ቡድን ወጥቶ እርከን የሚሠራበት ወቅት ነው። እናንተም ግቢ ውስጥ ናችሁ። ዶማና አካፋ ይዛችሁ ውጡ፤ ባነሩን ግቢ ተዉት። ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ (ዲኤ) አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የትኛው ቡድን የት እንደሚወጣ የሚያውቀው እሱ ነው።

እዚያ ላይ ተማሪ በእውነት የሚጠቅምበት ሥራ አለ፤ ቅየሳው። ሁለት ዘንግ፣ አሥር ሜትር ገመድ፣ ገመዱ መሐል ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ። አንዱ ዘንጉን ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ተዳፋቱ ላይ «ውጣ! ትንሽ ውረድ!» እየተባለ ይንቀሳቀሳል፣ ሦስተኛው መሐል አጎንብሶ አረፋዋ መስመሯ ውስጥ እስክትገባ ያያል። ስትገባ እዚያው ችካል ይመታል። ቀላል ይመስላል፤ ግን መስመሩ ከተዛባ ውሃው ዝቅ ያለችውን ቦታ ፈልጎ እርከኑን ይበጥሰዋል፣ ከታች ደግሞ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። ከላይ እስከ ታች በትዕግሥት የሚቀይስ ሰው ሁልጊዜ ይጠፋል። አሥር ተማሪ ቢኖረኝ ሌላ ሥራ አልሰጣቸውም።

ግን ችካሉን ከመምታታችሁ በፊት አጠገባችሁ የቆመውን ገበሬ ጠይቁት። «ጎርፉ በዚህ ነው የሚሰብረው» ይላችኋል። ኮረብታውን በሐምሌ ዝናብ ያየው እሱ ነው። እኔ ክርክር ተነስቶ ገበሬው የተረታበትን ቀን አላስታውስም።

ቀኑን ግን እነሱ ይምረጡ። ጥር የሠርግ ወር ነው። በዓላቱም አሉ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ አገሩ የሚያከብረው ከሆነ አፈር አይነካም። በተቃራኒው ለመነጋገር ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ወይም ሰንበቴው ላይ ብትደርሱ፣ ስብሰባ ተብሎ ቢጠራ የማይመጣውን ሰው ሁሉ ታገኙታላችሁ። ሴቶቹንም ለብቻ አነጋግሩ። ኮረብታው ላይ እንጨት የምትለቅመው ማን እንደሆነች ሊቀመንበሩ አይነግራችሁም።

ሌላው የመሬቱ ነገር ነው። «የወል ነው» ይሏችኋል። የወል ነው ሲባል ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ ከብት የሚያሰማራበት ሰው አለ። ቦታው ሲከለል ኪሳራው የሚወድቀው እሱ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከሁሉ ድሃው እሱ ነው። ስለዚህ ከዛፉ በፊት ስለ ሣሩ ተነጋገሩ። ከብት ያልገባበት ቦታ በመጀመሪያው ክረምት ሣር ይሰጣል። ማን ያጭዳል? በሸክም ነው በዕጣ? ከብቱን ያወጣው ሰው ድርሻው ስንት ነው? ጥበቃው ከሣሩ ሽያጭ ይከፈለዋል? ደንቡን ራሳቸው ይጻፉት፣ ቅጣቱንም ራሳቸው ይቁረጡ። እናንተ የጻፋችሁት ደንብ እናንተ ግቢ ስትገቡ ያበቃል።

ቦረቦሩን በተመለከተ፣ ከላዩ ያለው ተዳፋት ሳይያዝ ታች ክትር (ውሃውን የሚገታ የድንጋይ ግድብ) ብትደረድሩ ድካም ነው። ከላይ ወደ ታች ውረዱ። ክትሩ ደለል ሲይዝ ደለሉ ላይ ዴሾ ሣር ወይም ሰስፓኒያ የሚባለውን ቁጥቋጦ አስገቡ። ለከብት መኖ ስለሚሆን ሰው ይንከባከበዋል።

መልስ 2፦ የመሪጌታ ልጅ

ከላይ ያለው ወንድም የተናገረው ልክ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ቀበሌው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ አይደል? ደኑን አይታችሁታል? ደቡብ ጎንደርን ከላይ ብታዩት በእርሻ መሐል ክብ ክብ ብለው የቀሩት አረንጓዴ ቦታዎች ቤተ ክርስቲያኖቹ ናቸው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ዶቅማው የተረፈው እዚያ ነው። የአገር በቀል ዘር የምትለቅሙበት ሌላ ቦታ ሩቅ ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዶክትሬታቸው በዚያው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተዋል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ከሥራቸው ተተኪ ችግኝ የሚታጣው በአብዛኛው ከብት ስለሚገባ ነው። በኋላ እሳቸውና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር አስጀመሩ። ዣራና ደብረ ሰና በሚባሉት ደኖች ዙሪያ ተሠርቷል። የወደድኩት ድንጋዩ የመጣበትን ነው። ገበሬው ከገዛ ማሳው ለቅሞ ነው ያመጣው። ማሳው ከድንጋይ ጸዳለት፣ ደኑም አጥር አገኘ።

ስለዚህ ኮረብታው ላይ ያለው ንግግር ከከበዳችሁ ከአጥር ጀምሩ። ግን በካህኑ በኩል ግቡ፤ ደግሞ ሴቶቹም ወንዶቹም እንደ ሥርዓቱ ለብሳችሁ።

መልስ 3፦ አታካብዱ

ሁላችሁም ስለ ዝግባና ወይራ ትጽፋላችሁ። ገበሬው የሚፈልገው ባህር ዛፍ ነው። ልጁን የሚድርበት፣ ቤቱን የሚሠራበት እሱ ነው። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ሂዱና እዩ። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት የተከለው ዘመቻ ተጠርቶ አይደለም፤ ከሰል ስለሚሸጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በመሐሉ ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሰል። ተማሪ ለፎቶ ይመጣል፣ ገበሬ ለኪሱ ይተክላል። በቃ።

መልስ 4፦ የተፋሰስ ሰው

ወንድም፣ ስለ ኪሱ ያልከው እውነት ነው፤ ስለ ሣሩ የተናገርኩትም ለዚሁ ነው። ግን ባህር ዛፍ በገዛ ማሳው ዳር ይትከል እንጂ ቦረቦር አናት ላይ አይሆንም። ከሥሩ ሣር እንደ ልብ ስለማይበቅል አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። ዲከረንሱንም ቢሆን በኋላ በሽታ መታው። አንድ ዛፍ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሰው ያኔ ነው የሚጨነቀው። ለጓሮ ጌሾና ቡና፣ ለኮረብታው ብሳናና ዋንዛ ብላችሁ ቀላቅሉ። ለማንኛውም ለእያንዳንዱ ቤት ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ፤ ጌሾ ለጠየቀ ሰው ጽድ ይዛችሁ አትሂዱ።

መልስ 5፦ የደንቢያ ልጅ

እኛ ጋ የጣና እምቦጭ ጊዜ ተማሪ በአውቶቡስ ይመጣ ነበር። ባህር ሸሽ መሬቱ በአረም ተይዞበት ገበሬው አልቅት እየበላው ውሃ ውስጥ ይውላል። ልጆቹ ገብተው አብረው ነቀሉ፤ ይመስገኑ፣ ጉልበታቸው ረድቶናል። ቅር ያለኝ የተነቀለውን ዳር ላይ ከምረው መሄዳቸው ነው። ውሃው ሲሞላ መልሶ ወሰደው። ከዳር አርቆ ማድረቁና ማቃጠሉ ለኛ ቀረ። የእምቦጭ ዘር ደግሞ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል፣ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። እና ከመምጣታችሁ በፊት «ከሄድን በኋላ ምን ሥራ ይተርፋችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የክበቡ ጸሐፊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የደንቢያው ልጅ ጥያቄ ይሄዳል ከኛ ጋር። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ለማህበረሰብ አገልግሎት ቢሮው ዕቅድ ማስገባት አለብን፤ ቅጹ ላይ ያለው «የሚተከል ችግኝ ብዛት» ብቻ ነው። ትንሽ ከጻፍን ገንዘብ አይፈቀድም ይላሉ። ምን ላድርግ?

የተፋሰስ ሰው

ይሄ ቅጽ ሁሉም ቤት አለ። የማህበረሰብ አገልግሎት በአዋጅ 1152/2011 ከማስተማርና ከምርምር ጎን የዩኒቨርሲቲ ሥራ ተደርጎ ተቀምጧል፤ ስለዚህ እየለመናችሁ አይደለም። በቅጹ ላይ አንድ ረድፍ ራሳችሁ ጨምሩ፤ «በሚያዝያ ቆሞ የተገኘ»። ቆጠራውን ለታች ክፍል ተማሪዎች የመስክ ልምምድ አድርጉት፤ መምህራኑ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ። ክበቡም በየዓመቱ ሰው ሲቀያየር መዝገቡ ይቀጥላል። የጥበቃውንና የእርከኑን ወጪ አብራችሁ ጻፉ፤ ችግኙን ቀንሱ። አንድ ሰው ቢከራከራችሁ ወደ ኮረብታው ይዛችሁት ሂዱና እኚያን አባት ያነጋግራቸው።

እና የመጨረሻ፣ ችግኝ ስትተክሉ ላስቲኩን መቅደድ አትርሱ። በጥድፊያ ከነላስቲኩ የሚቀብር ብዙ ነው፤ ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ ይደርቃል። ላስቲኩን የሚሰበስብ ሰው መድቡ፣ ማታ ይቆጠር። 300 ችግኝ ወጥቶ 260 ላስቲክ ከተመለሰ፣ ነገ ጠዋት አርባዎቹን ፈልጉ።