የመርከብ ክፍል ቁጥር አልደረሰንም፤ የምታውቁ እርዱን

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጣሊያን የምትኖረው እህቴ ከእናታችን ጋር የምትሄድበት የመርከብ ሽርሽር ገዝታለች፤ መርከቡ የሚነሳው ሮም አቅራቢያ ካለው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ነው። ጣናን በጀልባ ለመሻገር እንኳ ስለት የምትሳል እናት ባሕር ልትወጣ መሆኑ አሁንም ይገርመኛል።

ትኬቱ የሚያረጋግጠው የክፍሉን ደረጃ ብቻ ነው፦ በረንዳ ያለው ወይም ከዚያ የተሻለ። ፎቁንና ቁጥሩን ኩባንያው በፈለገው ጊዜ ይመድባል፤ ዋጋው የረከሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ምደባው መነሻው ሲቃረብ፣ አንዳንዴም ወደቡ ላይ ሊነገር ይችላል አሉ። መጠበቁስ ባልከፋ፤ የእናቴ ጉልበት ግን ረጅም ኮሪደር አይችልም። ከአሳንሰር የራቀ ጥግ ቢደርሳትስ? የመርከቡ አፍንጫና ላይኛው ፎቅ ደግሞ ከመሃሉና ከታችኛው ይልቅ ይናወጣሉ። ስንደውል መልሱ ሁልጊዜ «ጠብቁ» ነው።

በእንዲህ ያለ ትኬት የተጓዛችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የጉልበቷን ሕመም በጽሑፍ ብናሳውቅ ሲመድቡ ያስቡበታል? ወይስ ቦታ ሳያልቅ ልዩነቱን ከፍለን ክፍሉን ራሳችን እንምረጥ? ከተመደበ በኋላ ማስለወጥስ ይቻላል? የሻንጣው መለያ ወረቀት ላይ የክፍል ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ካልመጣ ሻንጣውን ለተሸካሚዎቹ እንዴት አድርገን እንሰጣለን? እናቴ ከአሁኑ በበሶ ሞልታዋለች፤ እንዲጠፋባት አልፈልግም።