«አንባቢ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም» ስለተባለው ነገር

የፒያሳው፦ ትናንት አንዷ «ኪንድል ግዙና አርፋችሁ አንብቡ፤ እኔ አንባቢ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም» ብላ ጻፈች። ስንቱ አጨበጨበላት! በጣም ነው የተናደድኩት። ኪንድል የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ የሚሸጠው አማዞን እኮ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2025 የገዛነውን መጽሐፍ ኮምፒውተር ላይ አውርደን በገመድ የምናሻግርበትን መንገድ ዘጋው። የአሜሪካው ሱቅ ራሱ «የምትገዙት ፈቃድ ነው» ይላል። ፈቃድ ደግሞ ይነሳል። በ2009 የኦርዌልን «1984» ከሰዎች ኪንድል ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዘው። ገንዘቡን መለሰ፣ የያኔው አለቃው ቤዞስም ይቅርታ ጠየቀ። አንድ ተማሪ ግን ማስታወሻዬ ከንቱ ቀረ ብሎ እስከ መክሰስ ደርሷል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልደበቅም። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሥራዬ የማታ ነው። ለራሴ የምላት ጊዜ አውቶቡስ ላይ ያለችው 20 ደቂቃ ናት። በእሷ ፎንት ልጫን? ፋይል ልቀይር? ከፍቼ አነባለሁ፣ በቃ። የ2009ኙን እስከ መቼ ነው የምታነሱት? ደግሜ እላለሁ፣ መካኒክ አይደለሁም።

የጎንደሩ፦ እህቴ፣ አማርኛስ ታነቢበታለሽ? እኔ ጓደኛዬ የላከልኝን የአማርኛ መጽሐፍ ስከፍት ገጹ በሙሉ ባዶ ሳጥን ነበር። አራት ነጥቧ እንኳ ሳጥን ሆናለች። አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ገልብጬ መሣሪያው ፎንት ማስቀመጫ ውስጥ ከተትኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ሲመጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ይሄ መካኒክነት ከሆነ ይሁንልኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ኪንድልም እኮ የራስን ፎንት ይቀበላል። ኢፐብ የሚባለውን የመጽሐፍ ፋይልም ከ2022 ጀምሮ በኢሜይል ትልክለታለህ። አታጋንን።

የፒያሳው፦ ትልኪለታለሽ፤ እሱ ደግሞ በራሱ ሰርቨር በኩል አዙሮ ወደ ራሱ ቅርጽ ይቀይረዋል። ያንኑ ኢፐብ በገመድ ብትገለብጪው አይከፍተውም። ኮቦ የሚባለው ሌላው ማንበቢያ ይከፍተዋል፣ ፖኬትቡክም ይከፍተዋል። መካኒክ ካልሽ ደግሞ ኮቦ በ2024 አይፊክስት ከሚባለው የጥገና ድርጅት ጋር ተስማምቶ መለዋወጫና የጥገና መመሪያ አቅርቧል። ባትሪው ሲደክም ዕቃውን አትጥይም።

የሐዋሳዋ፦ ኮቦንም አታምልኩት። የራሱ ሱቅ ውስጥ አብዛኛው መጽሐፍ በቁልፍ ነው የሚሸጠው፤ እንደልብ እንዳይገለበጥ ፋይሉ ይቆለፋል። ክፍት የሆነው መሣሪያው ነው፣ መጽሐፉ አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2019 የመጽሐፍ ሱቁን ሲዘጋ የሰው ሁሉ መጽሐፍ አብሮ ጠፋ። የብራንድ ደጋፊነት ይቅርብን።

ደራሲው፦ «ክፍት» የምትሉት ነገር ለእኔ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መጽሐፌ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ገጽ በገጽ በስልክ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። አንዱ ገጽ ጥግ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ይታያል። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፤ ግን ማንን ልክሰስ? ቁልፍ ያስፈልገናል።

የፒያሳው፦ ጋሼ፣ ከልቤ አዝናለሁ። ግን የተሰረቀብዎት እኮ የወረቀቱ መጽሐፍ ነው። ቁልፍ ያንን አውራ ጣት አያስቆመውም። ቶር የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ ከ2012 ጀምሮ ያለ ቁልፍ ይሸጣል፣ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። እርስዎም ኢፐቡን ቢያወጡት አሁኑኑ ከፍዬ እወስዳለሁ።

ደራሲው፦ ኢፐቡን ማን ይሠራልኛል? የጻፍኩት በድሮ ፎንት ነው፣ የትኛውም ኮምፒውተር በሚያውቀው በዩኒኮድ አይደለም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት «ሰላም» የምትለዋ ቃል እንኳ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆና ትመጣለች።

የጎንደሩ፦ ይላኩልኝ። ወደ ዩኒኮድ አዞረዋለሁ፣ የተበላሸውን ፊደል በዓይኔ እያየሁ አርማለሁ። ክፍያ አልፈልግም።

ደራሲው፦ ፋይሌን ለማላውቀው ሰው? ከዚያ ሁሉ በኋላ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ይኸው! መጽሐፉ ከመነበቡ በፊት መካኒክ አስፈለገው። እኔስ ምን አልኩ?

የጎንደሩ፦ አዎ፣ አስፈለገው። የአማርኛ መጽሐፍን አማዞን መጥቶ አያርምልንም፤ እኛው ነን የምንሠራው። ሌሊት ተቀምጬ ያረምኩትን ደግሞ አንድ ሱቅ በፈለገ ጊዜ እንዲያነሳብኝ አልፈቅድም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ጋሼ ከተስማሙ ከፍዬ እገዛለሁ። በኢሜይል ይላክልኝ፣ ኪንድሌ ላይ ነው የማነበው።