የቅዳሜው የእንግሊዝኛ ክፍል፦ አማርኛ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

አወያይ፦
ሜሪላንድ ያለው ማኅበራችን ለጀማሪ ጎልማሶች የእንግሊዝኛ ክፍል ሊከፍት ነው። 26 ሰው ተመዝግቧል። አብዛኞቹ ልጆቻቸው ያስመጧቸው እናቶችና አባቶች ናቸው፤ የቀሩት ዲቪ ደርሷቸው የመጡ ናቸው። ያለን ጊዜ 12 ቅዳሜ ነው፣ በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ሰዓት። ኮሚቴው በሁለት ነገር መስማማት አልቻለም። ከኤቢሲዲና ከሰዋስው እንጀምር ወይስ ከንግግር? ክፍል ውስጥስ አማርኛ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

የሌሊት ፈረቃ፦
ይከልከል። እኔ በአውሮፓውያኑ 2009 ስመጣ የማውቀው «የስ» እና «ኖ» ብቻ ነበር። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከአንድ የኤልሳልቫዶር ሰው ጋር ሌሊት ሌሊት እሠራ ነበር። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ ስፓኒሽ አላውቅ፤ የነበረን ስብርባሪ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። በስምንተኛው ወር ከአለቃዬ ጋር ስለ ደመወዜ ተከራከርኩ። ሐበሻ ለሐበሻ በአማርኛ ሲያስተምር ግን አሥር ደቂቃው ትምህርት፣ የቀረው የአገር ቤት ወሬ ነው። ለወሬ ከሆነ ቡናው ቤትም ይፈላል።

መምህርት፦
ወንድሜ፣ እርስዎ ወጣት ነበሩ፤ ፊደልም ቆጥረው ነው የመጡት። እኔ ያስተማርኳቸው አንዲት እናት ስለ ቀጠሮ የተማርነውን ሁሉ አጥርተው ይናገሩ ነበር። የሐኪም ቀጠሮዎ ስንት ሰዓት ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ስጠይቃቸው «አት ስሪ» አሉኝ። ጎበዝ ብዬ አለፍኩ። ቀጠሮው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ እሳቸው ግን «ስሪ»ን ወደ አማርኛ መልሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አደረጉትና ክሊኒኩ ወንበር ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። መልሳቸው ልክ ስለነበር በእንግሊዝኛ ብቻ እያስተማርኩ ስህተቱን የማይበት መንገድ አልነበረኝም። አሁን ሰዓት ሳስተምር መጀመሪያ በአማርኛ «ያን ጊዜ ፀሐይ የት ትደርሳለች?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ከምን ይጀመር ለሚለው ግን መልሱ እንደ ተማሪው ነው። የእኛ ፊደል አናባቢውን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው፤ «በ» ሲሉ ድምፁ ሙሉ ነው። በግዕዝ ፊደል ያነበበ ሰው የእንግሊዝኛ ሆሄ ለብቻው ሲቆም ግራ ይገባዋል። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ነገርም በእኛ ዘንድ ስለሌለ አንዱን ሆሄ በሁለት መልክ መልመድ አለበት። ይህ በሦስትና በአራት ቅዳሜ ይለመዳል። በየትኛውም ቋንቋ እርሳስ ይዞ የማያውቅ ሰው ግን ሌላ ክፍል ያስፈልገዋል። 26ቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ስለ አማርኛ መከራከር ፈረሱን ትቶ ስለ ኮርቻው መጨቃጨቅ ነው።

የእናቱ ልጅ፦
እናቴ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ዛሬም ጋዜጣ ያነባሉ። አምና እዚህ አንድ ክፍል አስመዘገብኳቸው። የመጀመሪያው ቀን በ«አም፣ ኢዝ፣ አር» አለቀ። ማታ «ልጄ፣ አም ማለት ምንድን ነው?» አሉኝ። «ነኝ ማለት ነው» ስላቸው ሳቁ። «ይኸው ነው? ታዲያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለምን ደበቁን?» በሦስተኛው ሳምንት ቀሩ።

የሚፈልጉት የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ማንበብና ስልክ ሲደወል አለመደንገጥ ነው። እኔ የመጀመሪያ ትምህርት የማደርገው «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» የሚለውን ነው። ጎረቤታችን ዋሽንግተን ዲሲ በአውሮፓውያኑ 2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛም አስተርጓሚ ከሚቀርብባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ሳይችሉ መብቱ ቢኖር ምን ይጠቅማቸዋል?

ዜጋ፦
ዋናውን ረሳችሁት፣ የዜግነት ፈተናውን። በአውሮፓውያኑ ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ የሚያመለክት ሰው ስለ ታሪክና ስለ መንግሥት የሚያጠናው ጥያቄ ከ100 ወደ 128 ከፍ ብሏል። ቀድሞ ከ10 ጥያቄ 6 መመለስ ይበቃ ነበር፤ አሁን ከ20 ጥያቄ 12 ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብና አንድ መጻፍም አለ። 12ቱን ቅዳሜ በዚሁ ላይ አውሉት።

የእናቱ ልጅ፦
እናቴ እኮ 55 ዓመት ካለፋቸው ቆዩ፤ እንግሊዝኛው ይቀርላቸው የለም?

መምህርት፦
ዕድሜ ብቻ አይበቃም። 55 ዓመት የሞላው ሰው በግሪን ካርድ 15 ዓመት፣ 50 የሞላው ደግሞ 20 ዓመት መኖር አለበት፤ ያን ጊዜ በአስተርጓሚ በአማርኛ ይፈተናል። ዜጋ፣ ለእርስዎም፦ ገና የመጣ ሰው ለማመልከት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይጠብቃል። ለዚያን ጊዜው ፈተና ስናስሸመድዳቸው ለዛሬው አውቶቡስ የሚሆን ቃል አይኖራቸውም።

ከሃይፋ፦
እዚህ እስራኤል ኡልፓን የሚባለው ትምህርት «ዕብራይስጥን በዕብራይስጥ» ነው። የተለመደው ኡልፓን አምስት ወር፣ 500 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አባቴ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁሉም ሲስቅ ይስቁ ነበር፤ በምን እንደተሳቀ ሳይገባቸው። ብዙ ወር ከቆዩ በኋላ ጆሯቸው ተከፈተ። እናንተ ያላችሁ 24 ሰዓት ነው። ዝም ብሎ ሰምቶ እስኪገባው መጠበቅ ጊዜ ላለው ሰው ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦
በሰዓቱ ነገር ተረትቻለሁ እህቴ፤ ስድስት ሰዓት መቀመጥ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ትልቅ ሰው አገሩ ሰው ፊት እንግሊዝኛ ሲሰባብር ያፍራል። ጎረቤቱ የሆነ ሰው «እሳቸው እንኳ እንዲህ ይላሉ» ብሎ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያወራበታል። እኔ ያን የኤልሳልቫዶር ሰው ስላላፈርኩት ነው የተናገርኩት። ስለዚህ ማብራሪያው በአማርኛ ይሁን፣ እሺ። ልምምዱ ግን ከስፓኒሽ ተናጋሪዎች ጋር ይሁን፤ እነሱም እንግሊዝኛ የሚማሩበት ክፍል ፍለጋ ላይ ናቸው።

መምህርት፦
ይህንን እኔም አላሰብኩትም ነበር። የመጀመሪያው ሰዓት እኛ ለብቻችን፣ ሁለተኛው ሰዓት ጥንድ ጥንድ ሆነው ከእነሱ ጋር ቢሆን ይሠራል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ግን ለስም እንስጠው። ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስም ሲጠየቁ ግማሾቹ የአባታቸውን፣ ግማሾቹ የአያታቸውን ይጽፋሉ፤ ወረቀት ከወረቀት የማይገጥመው በዚህ ነው።

ዜጋ፦
የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ለፈተናው ይሁኑ፤ ከዚያ በታች አልወርድም።

አወያይ፦
አንዱን ቅዳሜ እንሰጥዎታለን። ማንበብ የሚችሉትና የማይችሉት በሁለት ክፍል ይለያሉ፤ የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹን ማኅበር እኔ አነጋግራለሁ። ለማስተማር ፈቃደኛ የሆናችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በአዳራሹ እንገናኝ።

የሌሊት ፈረቃ፦
እመጣለሁ። አራት ሰዓት በሐበሻ ነው በፈረንጅ?