መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የቢሯችን የዋይፋይ ፕሪንተር ከኮምፒውተሩ ይጠፋል

ጠያቂ፦ ጸሐፊዋ ከልደታ

ጤና ይስጥልኝ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት እሠራለሁ። ቢሯችን ሦስት ክፍሎች፣ ሦስት ኮምፒውተሮችና አንድ በዋይፋይ የሚሠራ ባለቀለም ፕሪንተር አለው። ፕሪንተሩ ኮፒና ስካንም ስለሚያደርግ የቢሮው ሥራ ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ከአራት ወር በፊት ስንገዛው ከራውተሩ ጋር ማገናኘቱ ራሱ ሁለት ቀን ፈጅቶብን ነበር። ራውተራችን ሁለት የዋይፋይ ስሞች ያሳያል፤ አንደኛው መጨረሻው ላይ 5ጂ የሚል ስለሆነ ፈጣኑ እርሱ ነው ብለን ከእርሱ ጋር ለማገናኘት ብንታገልም ፕሪንተሩ ያንን ስም አንድም ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ አላሳየንም። በኋላ አንድ ባለሙያ መጥቶ በሌላኛው ስም ወዲያውኑ አገናኘልንና በሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ጭኖልን ሄደ።

አሁን ያስቸገረን ግን ሌላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የእኔ ኮምፒውተር ፕሪንተሩን "ኦፍላይን" ይለዋል። በዚያው ደቂቃ ከስልኬ ብልክ ግን ያለ አንዳች ችግር ያትምልኛል። የጠበቃው ላፕቶፕ ደግሞ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ፕሪንተሩን ጭራሽ አያገኘውም። ባለፈው ማክሰኞ የመጨረሻ ማስገቢያ ቀኑ የደረሰ አሥራ አራት ገጽ የይግባኝ አቤቱታ በእጄ እያለ መብራት ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ተመለሰ፤ ኮምፒውተሩ ግን "ኦፍላይን" ከማለት አልተመለሰም። በፍላሽ ገልብጬ ምድር ቤት ወዳለው ፎቶኮፒ ቤት ሮጥኩ፤ ሰልፉን ጠብቄ አሳትሜ ማኅተም አስደርጌ ለጥቂት አደረስኩት። ፍላሹ ግን ቫይረስ ይዞ ተመለሰና ማታ ስከፍተው ፎልደሮቹ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ጠበቁኝ።

የምጠይቀው፣ ስልኬ የሚያገኘውን ፕሪንተር ኮምፒውተሩ የማያገኘው ለምንድን ነው? አንድ ሰው ፕሪንተሩ ስለተበላሸ ቀይሩት ብሎናል፤ አለቃዬም ሊገዛ እያሰበ ነው።

መልስ 1፦ ባለ ፎቶኮፒው ከአዳማ

እህቴ፣ አዲስ ፕሪንተር ለመግዛት አትቸኩሉ፤ አዲሱም መብራት በሄደ ማግስት ያንኑ ያደርግባችኋል። እኔ ከልምድ የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የማብራት ቅደም ተከተል ነው። መብራት ሲመጣ ፕሪንተሩ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሣል፤ ራውተሩ ደግሞ ከመስመሩ ጋር ተገናኝቶ ዋይፋዩን እስኪለቅ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ፣ የራውተሩ መብራቶች ተረጋግተው እስኪበሩ ጠብቃችሁ፣ ከዚያ ፕሪንተሩን አብሩት።

ሌላው፣ "ኦፍላይን" ባለ ቁጥር ማተሚያውን ቁልፍ ደጋግማችሁ አትጫኑ። ትእዛዞቹ አይጠፉም፤ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እኔ ሱቅ አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ስድስት ጊዜ ልኮ ኖሮ፣ መስመሩ ሲመለስ ግማሽ እሽግ ወረቀት ሳናስበው ተፍቶ አገኘነው።

ጠያቂ፦ ጸሐፊዋ ከልደታ

በጣም አመሰግናለሁ። ቅደም ተከተሉን ዛሬ ሞከርኩት፤ ፕሪንተሩ ላይ ያለው የዋይፋይ መብራት በትክክል ይበራል፣ ስልኬም ያትማል፣ ኮምፒውተሬ ግን አሁንም "ኦፍላይን" ይላል።

መልስ 2፦ የኔትወርክ ሠራተኛ

ጥያቄዎን በጥሩ ሁኔታ ስለገለጹ መልሱ ከራሱ ከጥያቄው ውስጥ ይገኛል። ስልክዎ ካተመ ፕሪንተሩም ዋይፋዩም ጤነኞች ናቸው፤ የጠፋው አድራሻው ነው።

ከራውተሩ ጋር የተገናኘ ዕቃ ሁሉ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር ከራውተሩ ይሰጠዋል፤ ይህን የማደል ሥራ ዲኤችሲፒ ይሉታል። ራውተሩ ቁጥሩን የሚሰጠው በውሰት እንጂ ለዘለቄታው አይደለም። መብራት ሲሄድ አንዳንድ ራውተሮች ለማን ምን እንደሰጡ ይረሱና ሲነሡ ለቀደመው ሁሉ እንደ አመጣጡ እንደ አዲስ ያድላሉ። ትናንት 7 ቁጥር የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 12 ወይም 14 ሆኖ ሊያድር ይችላል። ስልክዎ ለማተም ባሰበ ቁጥር "እዚህ ኔትወርክ ላይ ፕሪንተር ያለህ" ብሎ እንደ አዲስ ስለሚጠራ ፕሪንተሩ የትም ቢዛወር ያገኘዋል። ኮምፒውተርዎ ግን ባለሙያው ሲጭንልዎ የዚያን ዕለቱን ቁጥር መዝግቦ ይዞ ይሆናል፤ ተከራዩ ቤት ቢቀይርም እርሱ አሮጌውን በር ከማንኳኳት አይቦዝንም። ባለ ፎቶኮፒው ወንድማችን የተናገሩት ቅደም ተከተልም እውነት ነው፤ ፕሪንተሩ ራውተሩ ሳይነሣ ከተነሣና የሚያድለው ካጣ ለራሱ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ይሰጣል፣ በዚያ ቁጥር ደግሞ ማንም አያገኘውም። የእርስዎ ችግር ግን ከዚያ ያለፈ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ከፕሪንተሩ ማውጫ ውስጥ የኔትወርክ ሁኔታን የሚገልጸውን ገጽ ያትሙ። በገጹ ላይ አይፒ አድራሻው እና ማክ አድራሻ የሚባለው፣ ቁጥርና ፊደል ተቀላቅሎ አሥራ ሁለት የሚሆነው የዕቃው መለያ ተጽፈው ያገኛሉ። ከዚያ በኮምፒውተርዎ ላይ የፕሪንተሩን ፕሮፐርቲስ ከፍተው "ፖርትስ" የሚለውን፣ ኮምፒውተሩ ሕትመቱን ወዴት እንደሚልክ የሚያሳየውን ክፍል ይመልከቱ፤ ምልክት የተደረገበት ፖርት ቁጥር በወረቀቱ ላይ ካለው ከተለየ ነገሩ አለቀ።

መፍትሔውን በሁለቱም ወገን ያድርጉት። መጀመሪያ በኮምፒውተሩ ብሮውዘር የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ይክፈቱ። አድራሻውና የመግቢያ የይለፍ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ 192.168.1.1 የተለመደ ነው። በዲኤችሲፒ ክፍል ውስጥ ለተወሰነ ማክ አድራሻ ቁጥር የሚያስይዝ ቦታ ይፈልጉና ለፕሪንተሩ አንድ ቁጥር ያስይዙለት፤ ለምሳሌ መጨረሻው 200 ይሁን። አንዳንዶች ቁጥሩን በፕሪንተሩ ላይ ብቻ ይጽፉታል፤ እኔ አልወደውም፤ ራውተሩ ስለማያውቀው ያንኑ ቁጥር ለአንዱ ደንበኛ ስልክ ሊሰጥበትና ሁለቱ ሊጋጩ ይችላሉ። ፕሪንተሩን አጥፍተው ካበሩት በኋላ በኮምፒውተሩ ላይ "ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ፖርት" በሚለው በኩል በአዲሱ ቁጥር አዲስ ፖርት ይክፈቱ። ፕሪንተሩን ነቅሎ እንደገና መጫን አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ፕሪንተሩ እየሠራ ኮምፒውተሩ "ኦፍላይን" ካለ፣ በዚያው ፖርት ማስተካከያ ውስጥ ኤስኤንኤምፒ ስታተስ የሚለውን ምልክት ያንሡት፤ ኮምፒውተሩ የፕሪንተሩን ሁኔታ የሚጠይቅበት መንገድ ሲሆን መልሱን ሲያጣ በከንቱ ያወራበታል።

በ5ጂው ስም ላይ ያጠፋችሁት ሁለት ቀን ብዙ ሰው የሚያጠፋው ነው። ያ 5 ከሞባይሉ 5ጂ ጋር አይገናኝም፤ የ5 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ማለት ነው፣ ብዙዎቹ ርካሽ ፕሪንተሮች ደግሞ የሚሰሙት 2.4 ጊጋኸርትዙን ብቻ ነው። ለሕትመት የሚላከው ነገር ትንሽ ስለሆነ ፍጥነቱ አይጎድልባችሁም፤ ግድግዳ በማለፍም 2.4ቱ ይሻላል።

መልስ 3፦ ገመድ ይሻለኛል

እኔ በዚህ ሁሉ ድካም አልስማማም። ፕሪንተሩ ከኋላው የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ካለው ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙትና ከሞገድ ጣጣ ተገላገሉ። ከሌለው በዩኤስቢ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር አስራችሁ ለሌሎቹ ማጋራት ይቻላል።

መልስ 2፦ የኔትወርክ ሠራተኛ

ኬብሉ መልካም ነው፤ እኔም ሥራ ለሚበዛበት ቢሮ እመርጠዋለሁ። ነገር ግን በኬብል የተገናኘ ፕሪንተርም አድራሻውን የሚቀበለው ከዚያው ራውተር ስለሆነ ካላስያዙለት ቁጥሩ መቀያየሩ አይቀርም። በዩኤስቢ ማጋራት ደግሞ ፕሪንተሩ የታሠረበት ኮምፒውተር ሲጠፋ ሌላው ሁሉ ሥራ ይፈታል፤ ጸሐፊዋ ምሳ ስትወጣ ኮምፒውተሯን ብታጠፋ ጠበቃው አንድ ገጽ ማተም አይችልም ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ለራውተሩ አነስተኛ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ግዙለት፤ ራውተር የሚበላው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ረጅም ሰዓት ያቆየዋል፣ ሳይጠፋ ከቆየ ደግሞ አድራሻዎቹን አይረሳም። ሌዘር ፕሪንተርን ግን ከትንሽ ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፤ ሮለሩን ሲያሞቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱን ያንበረክከዋል።

የጥብቅና ቢሮ ስለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ለባለጉዳዮች የምትሰጡት ዋይፋይ ፕሪንተሩ ካለበት ጋር አንድ ከሆነ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ፕሪንተራችሁን ያየዋል ማለት ነው። ራውተራችሁ የእንግዳ ኔትወርክ መክፈት ከቻለ ለእነርሱ እርሱን ስጡ፤ የፕሪንተሩን የራሱን የማስተካከያ ገጽ የይለፍ ቃልም ከፋብሪካ እንደመጣ አትተዉት። ግን ይህን ስታደርጉ የራሳችሁ ኮምፒውተር በስህተት የእንግዳው ላይ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ከእንግዳው ኔትወርክ ሆኖ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፕሪንተሩ ግን አይታይም።

መልስ 4፦ ከሜሪላንድ

የጸሐፊዋ ጉዳይ ከዚህ ቢለይም ከውጭ ፕሪንተር ለሚልኩ ሰዎች የሚጠቅም ነገር ስላጋጠመኝ ልጻፈው። ከሁለት ዓመት በፊት ለእህቴ አንድ ፕሪንተር ከዚህ ልኬላት ነበር። አዲስ አበባ ሲደርስ የጎረቤቶቹን ዋይፋይ ሁሉ እየዘረዘረ የራሷን ብቻ አያሳይም ነበር። 2.4 ጊጋኸርትዝ እንደሆነ አረጋገጥን፣ የይለፍ ቃል ቀየርን፣ ራውተሩን አጠገቡ ድረስ አመጣችው፤ ምንም የለም። በመጨረሻ በቪዲዮ እየተያየን የራውተሩን ገጽ ስንከፍት ቻነሉን፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚተላለፍበትን የሞገድ መስመር፣ ራሱ መርጦ 13 ላይ ተቀምጧል። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ ብዙ ዕቃዎች ከ1 እስከ 11 ያሉትን ቻነሎች ብቻ ነው የሚሰሙት። ወደ 6 ስንቀይረው ገና ስልኩን ሳንዘጋ ስሟ በፕሪንተሩ ዝርዝር ላይ ወጣ።

ከመላካችሁ በፊት የኤሌክትሪኩንም ነገር እዩ። ኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው፤ እዚህ የሚሸጡ ቀለም የሚረጩ ፕሪንተሮች ብዙዎቹ ከኋላቸው ከ100 እስከ 240 የሚል ተጽፎባቸዋል፣ እነርሱ ሶኬታቸው ብቻ ከተስተካከለ ይሠራሉ። ሌዘሮቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ110 እና 120 ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ እዚያ እንደተሰኩ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ካርቶኑን አይታችሁ አትመኑ፤ ዕቃውን ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ።

ጠያቂ፦ ጸሐፊዋ ከልደታ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ባለጉዳይ ሳይበዛ በተባለው መሠረት ሞከርኩ። ያተምኩት ወረቀት ላይ የፕሪንተሩ አድራሻ 192.168.1.14 ሲሆን በኮምፒውተሬ ላይ የተመዘገበው 192.168.1.7 ነበር። ሰባት ቁጥሩን ማን እንደያዘው በራውተሩ ዝርዝር ላይ ሳየው የራሴ ስልክ ሆኖ አገኘሁት፤ ለካ ኮምፒውተሬ ይግባኙን ቦርሳዬ ውስጥ ላለው ስልክ ሲልክ ነው የዋለው። በራውተሩ ላይ 200 ቁጥርን ለፕሪንተሩ አስያዝኩ፣ አዲሱን ፖርት ከፈትኩ፣ ከዚያም ቆጣሪውን ራሴ አጥፍቼ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አበራሁት። ራውተሩ ሲረጋጋ የላክሁት ገጽ ወጣ። አለቃዬ ከክፍሉ ብቅ ብሎ "መብራት ሄደ እንዴ?" ሲል እኔ ነኝ ያጠፋሁት ለማለት ትንሽ ፈርቼ ነበር።

የጠበቃው ላፕቶፕ ግን አሁንም ፕሪንተሩን አላገኘውም። ፖርቱን በእርሱም ላይ ቀይሬዋለሁ። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት አይፒኮንፊግ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ ስመለከት የላፕቶፑ አድራሻ 172.20.10.3 ይላል፤ ከእኛ ቁጥር ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም። ይህ ምን ማለት ይሆን?

መልስ 2፦ የኔትወርክ ሠራተኛ

በ172.20.10 የሚጀምረው የአይፎን ሆትስፖት የሚያድለው ቁጥር ነው። መብራት ሲሄድ ጠበቃው ላፕቶፑን ከስልኩ ጋር እያገናኘ ይሠራል፤ መብራት ሲመጣ ላፕቶፑ ከስልኩ አልወረደም። ኢንተርኔቱ ስለሚሠራለት እርሱም ልብ አይለውም። "አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም" ያሉትም ስለዚህ ነው። ላፕቶፑን ወደ ቢሮው ዋይፋይ ይመልሱትና በዋይፋይ ዝርዝሩ ላይ ከስልኩ ስም ሥር ያለውን፣ በራስ ሰር ተገናኝ የሚለውን ምልክት ያንሡለት።

ጠያቂ፦ ጸሐፊዋ ከልደታ

እውነትም የስልኩ ስም ነው ያለው። መልሼዋለሁ፤ ሠርቷል። ምልክቱን ላነሣለት ስል ግን ስልኩን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም ብዬ ጠየቅኩት፤ የሚነሣው ከላፕቶፑ እንጂ ከስልኩ አይደለም ብዬ ካስረዳሁት በኋላ ፈቀደልኝ። በሰልፍ ላይ የቆዩ የይግባኙ አራት ቅጂዎች ወዲያው መውጣት ጀምረው ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ደርሼ ሰረዝኩት።