ምክር ቤት እያላቸው ራስን በራስ ማስተዳደር ለምን ጠየቁ?

ጥያቄ (ከደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ሳስረዳ ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓመቶች ጻፍሁ፤ ዛሬ የካናዳ ክፍል የሆነችው ኖቫ ስኮሺያ የተመረጠ ምክር ቤት ያገኘችበትን 1758ን እና ራሷን ማስተዳደር የጀመረችበትን 1848ን (ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ምክር ቤት ከነበራቸው ምን ጎድሏቸው ነው የታገሉት? ከታገሉስ አይቀር ነፃነትን ለምን አልጠየቁም?» አለችኝ። የሰጠኋት መልስ እኔኑ አላጠገበኝም። በጉዳዩ ላይ ያነበባችሁ ብታግዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ (ከወልድያ)

መምህር፣ ተማሪዎ የነገሩን ሥር ነው የነካችው። በእኛ በወሎ ያለውን ቅሬ (እድር) ያስቡት። አባላቱ ተሰብስበው ይመክራሉ፣ ያዋጣሉም፤ ሰብሳቢውንና ገንዘብ ያዡን ግን ሩቅ አገር ያለ ሰው ቢሾምባቸውና እነሱ ሊሽሯቸው ባይችሉ፣ ያ ቅሬ የማን ነው ይባላል? ኖቫ ስኮሺያም እንዲሁ ነበረች። ምክር ቤቱ በሕዝብ ቢመረጥም፣ አገሩን የሚያስተዳድሩት ከለንደን የተላከው ገዥና አሥራ ሁለቱ ሹመኛ አማካሪዎቹ ነበሩ፤ እነዚህም በዝግ በር እየመከሩ የምክር ቤቱን ሕግ ይጥሉ ነበር።

ጋዜጠኛው ጆሴፍ ሃው በ1835 የኖቫ ስኮሺያን ዋና ከተማ የሃሊፋክስን ሹማምንት በሙስና የሚከስ ደብዳቤ አትመሃል ተብሎ በስም ማጥፋት ሲከሰስ፣ ጠበቆች መከላከያ የለህም ቢሉት ራሱ ቆሞ ከስድስት ሰዓት በላይ ተከራከረ፤ ነፃም ወጣ። ከዚያ በኋላ ለተሐድሶ የቆሙት ሰዎች ጥያቄ አስፈጻሚዎቹ የምክር ቤቱን አብላጫ ድምፅ ሲያጡ ከሥልጣን ይውረዱ የሚል ነበር። በ1837 ያኔ ሌላ ቅኝ ግዛት በነበረችው በጎረቤት ካናዳ ከተነሣው ዓመፅ በኋላ የተላከው ሎርድ ደርሃምም በ1839 ሪፖርቱ ይህንኑ መከረ።

መልስ (ከኮምቦልቻ)

እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ልበል። ነፃነትን ያልጠየቁት ፈርተው አይመስለኝም። አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸውን ብሪታንያዊ አድርገው ስለሚቆጥሩ የጠየቁት እንግሊዝ ያለው ወንድማቸው የነበረውን መብት ነው፤ በደቡባቸው ደግሞ በ1812 የወረረቻቸው አሜሪካ ነበረች።

መምህር፣ ለተማሪዎችዎ 1849ንም ቢያሳዩአቸው እወዳለሁ። የካናዳ ምክር ቤት በዓመፁ ጊዜ ንብረታቸው ለጠፋ ሰዎች ካሳ የሚሰጥ ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ ተቃዋሚዎች ካሳው ለዓመፀኞችም ይደርሳል ብለው ገዥው ሎርድ ኤልጊን እንዳይፈርም ወተወቱት። እሱ ግን ሕጉን ብዙም ባይወደው እንኳ፣ የምክር ቤቱ አብላጫ ወስኗልና ፈረመ። ሕዝቡ ሠረገላውን በእንቁላልና በድንጋይ አወረደበት፤ በዚያው ሌሊት ሞንትሪያል የነበረውን የምክር ቤት ሕንፃ አቃጠለ። ፊርማው ግን ጸና። ለእኔ ራስን ማስተዳደር በተግባር የታየው ያን ዕለት ነው።

መልስ (ከሐይቅ)

ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ መብት ለማን እንደተሰጠ ሳይነሣ እንዳያልፍ እለምናለሁ። ለነጭ ሰፋሪዎች በ1848 የተፈቀደው፣ ለሕንድ በ1917 «ቀስ በቀስ» ተብሎ የተነገረ ተስፋ ብቻ ነበር። በ1919 በወጣው ሕግ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት፣ ጤናና ግብርና ለሕንዳውያን ሚኒስትሮች ሲሰጡ፣ ገንዘብና ፖሊስ በገዥው እጅ ቀሩ። ሚኒስትሩ ትምህርት ቤት ልክፈት ቢል ብሩን የሚለምነው ከገዥው ሰዎች ነው። ወንድሜ ከወልድያ ያነሡት የቅሬው ገንዘብ ያዥ እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። የሕንድ ኮንግረስ ፓርቲ በታኅሣሥ 1929 ላሆር ላይ በብሪታንያ ግዛት ውስጥ ሆኖ ራስን የማስተዳደሩን ጥያቄ ትቶ ሙሉ ነፃነትን ዓላማው ማድረጉ አያስደንቅም።

መልስ (ከደሴ፣ ጠያቂው)

እጅግ አመሰግናለሁ። ሰኞ ሰሌዳው ላይ ከ1848 ቀጥሎ 1849ን እና 1919ን ጽፌ፣ ከሁሉ አስቀድሜ «ገንዘቡ በማን እጅ ነበር?» ብዬ ልጅቱን እጠይቃታለሁ።