«ያምናል» እና «ያውቃል»ን እንዴት ልበይናቸው?
ሰላም ወገኖች። ሱሉልታ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ስለ ዝናብ የሚሉትን በመረጃ ቋት እያደራጀሁ ነው። የተቸገርኩት ገና መሠረታዊ ቃላቱ ላይ ነው። አንድ አባት «ጨረቃን የብርሃን ቀለበት ሲከባት ዝናብ ቀርቧል» ይላሉ፤ ጎረቤታቸው አይቀበሉትም። ሁለቱንም እንደ እውነት ከመዘገብኩ ቋቱ እርስ በርሱ ይጋጫል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ለብቻው፣ ሰውየውን ከዓረፍተ ነገሩ ጋር የሚያያይዘውን «እገሌ ያምናል» የሚል ግንኙነት ለብቻው አስቀመጥኩ።

እውቀት ላይ ግን ቆምኩ። ሐሰትን ማመን ይቻላል፣ ማወቅ ግን አይቻልም። እውቀት «በቂ ምክንያት ያለው እውነተኛ እምነት» ነው እንዳልል፣ ይህ እንደማይበቃ ፈላስፋው ኤድመንድ ጌቲየር በ1963 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። እና «ያውቃል»ን ከ«ያምናል» ተነስቼ ልበይነው ወይስ ራሱን የቻለ ግንኙነት ላድርገው? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ የእነዚህ ሰዎች ቃል ተዛብቶ እንዲቀመጥ አልፈልግም።